ለልብ ኤምአርአይ ትንፋሽን ማለማመድ፦ ቦንጋ ላይ የሚጀመር ዝግጅት

ሐኪምዎ የልብ ኤምአርአይ አዝዞ ሪፈር ከጻፈልዎ፣ ወይም የእናትዎን ወረቀት ይዘው የሚሄዱት እርስዎ ከሆኑ፣ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው። ከቦንጋ ጅማ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ደግሞ 350 ገደማ። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ከፍሎ፣ አንድ ሰዓት ያህል ማሽን ውስጥ ተኝቶ የደበዘዘ ምስል ይዞ መመለስ ያስቆጫል። የልብን ምስል ከሚያደበዝዙት ነገሮች ሁለቱ ዋነኞች የልብ ምት መዛባትና ትንፋሽ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ታካሚው ብዙም ማድረግ አይችልም። ሁለተኛው ግን በእጁ ነው፤ ሥራውም አዲስ አበባ ሳይገባ ቤቱ አልጋ ላይ ይጀመራል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። «ትንፋሽ ያዙ» ሲባል ብዙ ሰው፣ በተለይ ጎረምሳ ከሆነ፣ ደረቱን ነፍቶ ምን ያህል እንደሚቆይ ማሳየት ይፈልጋል። ማሽኑ ግን ጉልበት አይለካም። የሚፈልገው በየጊዜው ያው ቦታ ላይ የቆመ ትንፋሽ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ የቆመ የ8 ሰከንድ ትንፋሽ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ከሚል የ20 ሰከንድ ትንፋሽ እጅግ ይሻላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኤምአርአይ እንደ ራጅ በቅጽበት አያነሣም። ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምትን በሚከታተለው ኢሲጂ እየተመራ ከበርካታ የልብ ምቶች ጥቂት ጥቂት መረጃ ይለቅምና አንድ ላይ ያቀናብራል። የልብን አንድ ገጽታ በእንቅስቃሴ ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰከንድ ይፈልጋል። ማሽኑ በነዚያ ሰከንዶች ሁሉ ልብ ከቦታው እንዳልተነሣ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ልብ ግን የተቀመጠው ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ላይ ነው። በረጋ ትንፋሽ ድያፍራም ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በጥልቅ ትንፋሽ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይንቀሳቀሳል። ልብም ከድያፍራም እንቅስቃሴ 60 በመቶ ያህሉን ይከተላል።

እንግዲህ ያስሉት። የልብ የታችኛው ክፍል ከሥር እስከ ጫፍ ከ8 እስከ 12 በሚሆኑ ቁራጭ ምስሎች ይነሣል፤ የአንዱ ውፍረት ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱም ታካሚው አንድ ጊዜ ትንፋሹን ይይዛል። አራተኛው ላይ የያዙት ከሦስተኛው በ1 ሴንቲ ሜትር ቢለይ ልብዎ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሸሽቷል፤ አንድ ቁራጭ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ድፎ ዳቦ እየተቆረጠ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ ቢገፋው እንደሚሆነው ነው፤ አንዱ ክፍል ሁለቴ ይቆረጣል፣ ሌላው ጭራሽ ይዘለላል። ሐኪሙ የልብዎን የመርጨት አቅም የሚያሰላው ከእነዚህ ቁርጥራጮች ስለሆነ፣ ምስሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ጥርት ያሉ ሆነው እንኳ ስሌቱ ሊሳሳት ይችላል። ከደበዘዘ ምስል ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ የደበዘዘውንማ ማንም ያየዋል።

አንደኛ፦ ከመነሣትዎ በፊት ስልክ ይደውሉ

ኤምአርአይ ያለው ማዕከል ሁሉ ልብ አያነሣም። የጭንቅላትና የወገብ ምስል በየቀኑ የሚሠራ ማሽን ለልብ የሚሆነው ፕሮግራምና የኢሲጂ መገናኛ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ልብ ታነሣላችሁ? የሚያነሣው ባለሙያ በየትኛው ቀን ይገኛል? ትንፋሽ መያዝ ለማይችል ሰውስ ሌላ ዘዴ አላችሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰማ ባለሙያው የሚሰጠው መልስ ስለ ማዕከሉ ብዙ ይነግርዎታል።

ሪፈሩን የሚጽፈው ሐኪም፣ ቦንጋ ገብረ ጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ከሕመሙ ስም በተጨማሪ አራት ነገር እንዲያሰፍርልዎ ይለምኑት፦ ታካሚው በጀርባው መተኛት ይችል እንደሆነ፣ የልብ ምቱ የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን፣ የኩላሊት ምርመራውን ውጤትና የሚሰማውን ቋንቋ። አገራችን ውስጥ የተለመደውን የሩማቲክ የልብ በር ሕመም ለማየት በአመዛኙ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይበቃል። ኤምአርአይ የሚታዘዘው የልብ ጡንቻን፣ ጠባሳን ወይም ኢኮ በደንብ ያላሳየውን ለማወቅ ነው። ምን እንደሚፈለግ በሪፈሩ ላይ በግልጽ ከተጻፈ የሚነሡት ምስሎች ይቀንሳሉ፤ ትንፋሽ የሚይዙበት ቁጥርም አብሮ ያንሳል።

ሁለተኛ፦ ቤት ውስጥ ልምምድ

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ቢጀምሩ መልካም ነው። ተቀምጠው ሳሉ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ፣ እግርዎ አብጦ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት የሚነቁ ከሆነ ወይም ደረትዎን የሚያምዎት ከሆነ አይለማመዱ፤ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያግኙ። ውኃ ለማስወጣት የሚሰጠውን መድኃኒት አስተካክሎ፣ ምርመራውን በጥቂት ቀናት አዘግይቶ መሄድ ይሻላል፤ ታፍኖ ተጉዞ መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

የሚችሉ ከሆነ በጀርባዎ ይተኙ፤ አንድ ትራስ ይበቃል። አንድ እጅዎን እምብርትዎ አጠገብ ያሳርፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ። ከዚያ መጠነኛ አየር ይሳቡ፤ ሳይገፉ ይልቀቁት። አየሩ በራሱ ጊዜ ወጥቶ ሲያበቃና እጅዎ ወደ ታች ወርዶ ሲቆም፣ እዚያው ይቁሙ። አስታማሚዎ በስልኩ ሰዓት ይቁጠር።

ለምን አየር አስወጥተን? ስበን ብንይዝ የበለጠ እንቆያለን እኮ፤ እውነት ነው። ነገር ግን አየር ሲሳብ ደረት የሚሞላበት መጠን በየጊዜው ይለያያል፤ አንዴ ሩብ፣ አንዴ ሙሉ ይሆናል። ሲወጣ ግን ድያፍራም ዘና ብሎ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ማረፊያውም በየጊዜው ያው ነው ማለት ይቻላል። በሰከንድ እናጣለን፣ በቦታ እናተርፋለን። አንዳንድ ማዕከል ስበው እንዲይዙ ሊያዝዎት ይችላል፤ ያኔ የታዘዙትን ያድርጉ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን።

አስታማሚው ሰከንድ ከመቁጠር ይልቅ ሆድን እያየ አራት ስሕተት ይጠብቅ። የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው «ያዙ» ሲባል ትንሽ አየር ሰረቅ አድርጎ መሳብ ነው፤ ታካሚው ራሱ አያውቀውም፣ ሆዱ ግን ብቅ ይላል። ሁለተኛው አየሩን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ማስወጣት ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው አምስት ሰከንድ አይቆይም። ሦስተኛው ጉሮሮን ዘግቶ እንደ ምጥ መግፋት ነው፤ ይህ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚያግድ የልቡን አሞላል ይለውጠዋል፣ የሚነሣውም ሌላ ልብ ይሆናል። አራተኛው በአፍንጫ ቀስ እያሉ አየር ማሾለክ ነው። አራቱም በሁለት ሦስት ቀን ልምምድ ይታረማሉ።

ተረጋግተው 10 ሰከንድ ከያዙ ለአብዛኛው ምስል ይበቃል፤ 15 ከደረሱ በጣም ጥሩ ነው። ከ6 ወይም ከ7 ማለፍ ካልቻሉ አያፍሩበት፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙት፤ ለባለሙያው ትልቅ ዕውቀት ነው። አንድ ጊዜ ይዘው 15 ወይም 20 ሰከንድ አርፈው ይድገሙት፤ እስከ 10 ጊዜ ያድርሱት፣ ምክንያቱም ማሽኑ ውስጥም የሚጠየቁት እንዲሁ በተከታታይ ነው። አሥረኛው እንደ መጀመሪያው ካልሆነ አጭር ሰከንድ ይምረጡ። በልምምዱ መካከል ቶሎ ቶሎ በጥልቀት አይተንፍሱ፤ ያዞራል። ካዞረዎ ወይም ካመመዎ ያቁሙ።

ሦስተኛ፦ በምን ቋንቋ?

ከዴቻ ወይም ከአድዮ የመጡ እናት ካፊኖኖ እንጂ አማርኛ እምብዛም የማይሰሙ ከሆነ፣ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ በማይክራፎን የሚመጣ የአማርኛ ትእዛዝ ግራ ያጋባቸዋል፤ በደነገጠ ሰው ዘንድ ደግሞ ትንፋሽ ይዘበራረቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው። አራቱን ትእዛዝ፣ ማለትም «ሳቢ»፣ «አስወጪ»፣ «እዚያው ያዢ»፣ «በቃ፣ እንደ ወትሮሽ»፣ በካፊኖኖ በእርስዎ ድምፅ ስልክዎ ላይ ይቅረጹ፤ ለታላቅ የሚገባውን የአክብሮት አነጋገር እርስዎ ያውቁታል። ቤት ውስጥ ሲያለማምዷቸውም በዚሁ ድምፅ ይሁን። በምርመራው ቀን ስልኩ ማግኔቱ ወዳለበት ክፍል አይገባም፤ ከመስተዋቱ ወዲያ ባለው ክፍል ሆኖ በማይክራፎኑ በኩል ሊሰማ ይችላል። ከዚህም የሚሻለው ባለሙያው ፈቅዶ እርስዎ ራስዎ ማይክራፎኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ቢናገሩ ነው። መስማት ለተሳነው ታካሚ፣ ከብረት ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ አስታማሚ አጠገቡ ቆሞ እግሩን በመንካት ምልክት ይስጥ፤ አንዴ ሲነካ ይያዝ፣ ሁለቴ ሲነካ ይልቀቅ።

አራተኛ፦ ጉዞና ቡና

ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቦንጋ ላይ የያዙት ሰከንድ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቢያጥር አይደንግጡ፤ ማታ ላይ አንዴ ደግመው ይለኩትና የሚነግሩት ቁጥር የአዲስ አበባው ይሁን። የምርመራ ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው የተሰናዱት በዝቅተኛ ከፍታ ባሉ አገሮች ስለሆነ፣ «18 ሰከንድ ያዙ» የሚል ትእዛዝ ቢመጣ «አልችልም» ማለት ነውር የለበትም። ከመኪና ወርደው በቀጥታ ወደ ማሽኑ አይግቡ፤ አንድ ሌሊት ይረፉ። ጉንፋን ወይም ሳል ከያዘዎ ቀጠሮውን ያስለውጡ፤ የሚያስል ሰው ትንፋሹን አይገዛም።

አሁን ለካፋ ሰው ከባዱ ትእዛዝ። ምርመራው አዴኖሲን በሚባል መድኃኒት ልብን አስጨንቆ የደም ፍሰቱን የሚያይ ዓይነት ከሆነ፣ ቡና ክልክል ነው፤ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ብዙ ማዕከሎች ደግሞ 24 ሰዓት ይላሉ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን መድኃኒቱ እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ምስሉ ጥሩ ሆኖ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። ሻይ፣ ኮካ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውም እንደዚሁ። አዴኖሲን ራሱ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ የማጠር ስሜት ስለሚያመጣ አስቀድመው ቢያውቁት አይረበሹም። ምርመራው ይህ ዓይነት ካልሆነ ስለ ቡናው ማዕከሉን ይጠይቁ እንጂ በራስዎ አይፍሩ።

የልብ መድኃኒትዎን ሐኪም ካላዘዘ አያቋርጡ። ውኃ የሚያስወጣውን ክኒን ከዘለሉ በጀርባ መተኛት ያቅትዎታል፤ ሊገቡ ሲሉ ከዋጡት ደግሞ በየመሀሉ ሽንት ይመጣብዎታል። ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ይስማሙ፤ ከመግባትዎ በፊትም ሽንት ቤት ይሂዱ።

አምስተኛ፦ ማሽኑ ውስጥ

ሰዓት፣ ስልክ፣ ቀለበት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የብረት መስቀልና ብረት የለበሰ ክታብ ይወልቃሉ። ፔስሜከር፣ የተተከለ የልብ በር ወይም በሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ካለ፣ እርግዝናም ከተጠረጠረ፣ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ለትንፋሹ ሲባል ኦክስጅን እየወሰዱ የመጡ ከሆነ ሲሊንደሩ በር ላይ ይቀራል፤ ማዕከሉ ማግኔት የማይስበውን ያቀርባል። ይህ ለወግ የሚነገር ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በማግኔቱ የተሳበ የኦክስጅን ሲሊንደር አንድ ሕፃን ገድሏል።

ሲተኙ ሆድዎ ላይ የትንፋሽ ቀበቶ ሊታሰር ይችላል፤ አጥብቆ ከያዘዎ ይንገሩ። በእጅዎ የሚጨመቅ የጥሪ ኳስ ይሰጥዎታል። ጆሮዎን በደንብ ያስደፍኑ፣ ብርድ ልብስ ይጠይቁ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንፋሹም ይንቀጠቀጣል። የያዙት ትንፋሽ መሀል ላይ ካመለጠዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱና ሲጠየቁ ይናገሩ፤ ሌላ አየር ሰርቆ መቀጠል ምስሉን ያበላሻል፣ ባለሙያውም ለምን እንደተበላሸ አያውቅም። ትንፋሽ ሳይያዝ በነጻ እየተነፈሱ የሚነሣ ረጅም ምስል ካለ (በስድስተኛው ክፍል ይመጣል)፣ በዚያ ጊዜ እንቅልፍ አይውሰድዎ፤ ያንቀላፋ ሰው አተነፋፈሱ ይለወጣል፣ ድያፍራሙም ከነበረበት ይሸሻል፣ ማሽኑም ያጣዋል።

ስድስተኛ፦ ትንፋሽ መያዝ ካልተቻለ

ይህን ክፍል ለባለሙያው ማሳየት ይችላሉ፤ ለጤና ባለሙያ አንባቢም ይሆናል።

መጀመሪያ የሚሞከረው ፕሮግራሙን ማሳጠር ነው። የምስሉን ጥራት ጥቂት ቀንሶ የ12 ሰከንዱን ወደ 6 ማውረድ ይቻላል፤ ታካሚው አይጎዳም፣ ሐኪሙም የሚፈልገውን ያያል። በአፍንጫ ኦክስጅን መስጠትም አንዳንዱን ሰው ጥቂት ሰከንድ ያስረዝመዋል። መነሻው ምስል፣ ሌሎቹ የሚታቀዱበት፣ አየር ወጥቶ በተያዘ ትንፋሽ ይነሣ፤ አየር ተስቦ በተነሣ ምስል ላይ ታቅዶ አስወጥቶ ማንሣት ገና ከመነሻው ቦታ ያስታል። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላም የጉበት አናት የት እንደደረሰ ከቀዳሚው ጋር ይነጻጸር፤ ከሸሸ ወዲያው ይደገም። ይህን አንድ ልማድ ከውድ ሶፍትዌር አስበልጠዋለሁ።

ያ ሁሉ ካልሠራ ታካሚው በነጻነት ይተንፍስ። የልብን እንቅስቃሴ ለማየት ሪል ታይም የሚባለው ዘዴ ትንፋሽም ኢሲጂም ሳይጠብቅ እንደ ቪዲዮ ያነሣል፤ ጥራቱ ያንሳል፣ ነገር ግን በሩማቲክ ሕመም ምክንያት ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ጠባሳን ለማየት ጋዶሊኒየም የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ የምስል ማጉያ መድኃኒት ከተሰጠ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱን ምስል በአንድ ምት ብቻ ማንሣትና ብዙዎቹን በኮምፒውተር አስተካክሎ መደራረብ ይቻላል። የደም ፍሰትን ለመለካት በነጻ ትንፋሽ ሦስት ያህል ጊዜ አንሥቶ አማካዩን መውሰድ የተለመደ ነው።

መላ ልብን ወይም የልብን የደም ሥሮች በሦስት ገጽታ ለማንሣት ደግሞ ናቪጌተር አለ። ማሽኑ በቀኝ በኩል በጉበት አናት ላይ ቀጭን መከታተያ ይዘረጋና ድያፍራም የት እንዳለ በየምቱ ይለካል፤ 5 ሚሊ ሜትር በሚያህል ጠባብ መስኮት ውስጥ ሲገባ ብቻ መረጃውን ይቀበላል፣ ሌላውን ይጥላል። ከተለቀመው ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ሊጣል ስለሚችል ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ የታካሚው ድርሻ ምንም ሳይጥር እኩል እኩል መተንፈስ ብቻ ነው። ሆድን በሰፊ ጨርቅ ለዘብ አድርጎ መጠቅለል የድያፍራሙን እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ መስኮቱ ውስጥ የሚገባው ይበዛል። የደረት ስብ የሚያመጣውን የጥላ ምስል ለማጥፋትም ከፊት በኩል የስቡን ምልክት የሚያፍን መስመር (ሳቹሬሽን ባንድ) ማድረግ ይጠቅማል።

ትንንሽ ልጆች ትእዛዝ ተከትለው ትንፋሽ አይዙም። ብዙዎቹ የሚነሡት በማደንዘዣ ወይም በማስተኛ መድኃኒት ነው፤ ይህ የማደንዘዣ ባለሙያና የምግብ ሰዓት ገደብ ስለሚጠይቅ ከቦንጋ ሳይነሡ በስልክ የሚያረጋግጡት ጉዳይ ይሁን።

ከጨረሱ በኋላ

ከጠረጴዛው ሲነሡ ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የደገማችሁት አለ? ለምን? መልሱን ለአስታማሚዎ ያስይዙ። በሪፖርቱ ላይ ምስሉ በተያዘ ትንፋሽ ወይስ በነጻ ትንፋሽ እንደተነሣ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ከዓመት በኋላ ቢደገም ሁለቱ በአንድ ዘዴ ካልተነሡ ንጽጽሩ ያስቸግራል። ሪፖርቱን ብቻ ይዘው አይመለሱ። ቦንጋ የሚጠብቅዎ ሐኪም ምስሉን በዓይኑ ማየት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሲዲውን ሳይቀበሉ ከማዕከሉ እንዳይወጡ።